የሸሚዝ ቁልፍና የካፖርት ቁልፍ

ሰውን ከሞት የሚያተርፈው ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም፤ አንዳንዴ የአውቶቡስ በር ነው። አንዲት ወጣት ነርስ ጠዋት ለሥራ ስትጣደፍ፣ ዝገት የበላው የአውቶቡስ በር ነጭ ጋዋኗን ከብብቷ እስከ ወገቧ ቀደደባት። እንዲህ ሆኖ በሽተኛ ፊት መቆም የለ። ግራ ቀኝ ስትመለከት «ልብስ እንሰፋለን፣ እናጠብባለን፣ እናስረዝማለን» የሚል ጽሑፍ የተንጠለጠለበት በር አየችና ዘው አለች።

የሱቁ ባለቤት የሰፈሩ ሰው «እትዬ ልኬ» የሚላት ልብስ ሰፊ ናት። ይህ ስም የወጣላት በከንቱ አይደለም። ደንበኛ «ሱሪው ጠበበኝ» ብሎ ሲያማርር፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትለካውና «ልክ አይዋሽም ጌታዬ፤ የሰፋኸው አንተ ነህ» ትለዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ አባባል ያልረታችው ሰው የለም።

ከአራት ወር ወዲህ ግን ልኬ አንድ ነገር መለካት ፈርታለች። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስትለባብስ የጡት መያዣዋ ሽቦ ግራ ጎኗን ከብብቷ ዝቅ ብሎ ወጋት። ሽቦውን ላስተካክል ብላ እጇን ሰደድ ስታደርግ፣ ከቆዳዋ ሥር ጠጠር የመሰለች ነገር አገኘች። አታምም፣ ሲገፏትም አትሸሽም። ልኬ የቁልፍ ቆርቆሮዋን ከፈተች፣ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ አስተያየች፤ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች ብላ ፈረደች። ያችን ቁልፍ በባዶ ክብሪት ቀፎ ከታ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት። ለሰው አልተነፈሰችም። ቁልፏን መሳቢያ ቻላት፤ ፍርሃቱን ግን መሳቢያ አልቻለውም፤ አብሯት ይበላል፣ አብሯት ይተኛል።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «ጡት መያዣ ደም አፍኖ ያን ክፉ በሽታ ያመጣል» የሚል ቪዲዮ አሳየቻት። ልኬ ይህን ስትሰማ መደንገጥ ሲገባት ደስ አላት። ምክንያቱም ያሰበችው እንደ ልብስ ሰፊ ነው። የተጨመቀ ጨርቅ ይጨማደዳል፤ ስፌቱ ሲፈታለት ይተኛል። ሽቦ ጨምቆ ያመጣው እብጠትም ሽቦው ሲነሳ ይተኛል ማለት ነው! ያሏትን ጡት መያዣዎች በሙሉ በመቀስ ከታተፈች። መንጠቆና ቀለበታቸውን፣ ሙያ ነውና፣ ወደ ቁልፍ ቆርቆሮው ጨመረች፤ ጨርቁን የስፌት መኪናዋ መወልወያ አደረገችው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጇንም እንዳትለብስ ከለከለቻት። ከዚያ በኋላ እብጠቷ እስክትተኛላት መጠበቅ ሆነ ሥራዋ። ሞኝነቷ እዚህ ላይ ነው፤ ግን ስንቶቻችን ነን ፈርተን ያልሞኘን?

ነርሷ የልኬን ሹራብ ደርባ፣ ጋዋኗ እስኪሰፋላት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልኬ የተቀደደውን ዳር በስፒል እያያዘች ሳለ፣ ልጇ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ትከሻዋን ወደፊት ሰብስባ ከጓዳ ወጣች።

«እማዬ፣ ዛሬ ስፖርት አለን። መሮጥ አትችልም ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ያለፈው ሳምንትም ጽፌልሻለሁ እኮ።»

«ዛሬም ጻፊልኝ።»

ልኬ በእርሳስ ሁለት መስመር ሞንጭራ ሰጠቻት። ነርሷ የልጅቷን አካሄድ በዓይኗ ሸኘችና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ልጅዎ ጀርባዋን ያማታል እንዴ? ጎብጣ ነው የምትሄደው» አለች።

ልኬ መልስ ሳትሰጥ ልጅቷ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ጡት መያዣ ከልክላኝ ነው! ስሮጥ ያመኛል፣ ልጆቹም ይስቁብኛል» አለችና ውልቅ አለች።

«የዘንድሮ ልጅ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚያድገው» አለች ልኬ ፊቷ ቀልቶ። «ለእሷው ብዬ ነው። ያ ነገር በሽታ ያመጣል።»

«የቱ ነገር?»

«ጡት መያዣ ነዋ! አንቺ ደግሞ ሐኪም ቤት እየዋልሽ አልሰማሁም እንዳትይኝ።»

«ወሬውን ሰምቻለሁ፤ እውነትነቱን ግን አላየሁም» አለች ነርሷ በትሕትና። «ተመራማሪዎች ጉዳዩን መርምረውታል እትዬ። ጡት መያዣ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የሚለብሱትም የማይለብሱትም ይታመማሉ።»

ልኬ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች። አንባቢ ልብ ይበል፤ ነርሷ የምትከራከረው ለእውቀት ነው፤ ልኬ ግን የምትከራከረው ለነፍሷ ነው። ይህች ልጅ ከረታቻት ያች ጠጠር ከሽቦ አልመጣችም ማለት ነው። ከሽቦ ካልመጣች ደግሞ በመቀስ አትሄድም። ስለዚህ መርታት ነበረባት።

«ልጄ፣ አንቺ መርፌሽ ሌላ ነው፣ የእኔ መርፌ ሌላ ነው» አለች። «ማጥበቅና ማላላት ግን ለእኔ ተዪልኝ። ጠባብ ልብስ ያስለበስኩት ሰው ሲያወልቅ ሰውነቱ ላይ ገመድ የታሰረበት ይመስላል። እንዲህ የሚሸረክት ነገር ቀኑን ሙሉ ጡት ላይ ታስሮ ሲውል ደሙ የት ይሂድ? በብብት በኩል የሚያልፍ ፈሳሽም አለ አሉ፤ እሱ መሄጃ ሲያጣ መርዝ ሆኖ ይጠራቀማል።»

«ፈሳሹስ እውነት አለ፤ ሊምፍ ይባላል። ግን እንደ ውኃ ጎማ ሲረግጡት የሚቆም አይደለም። ይኸው የካልሲዎ ላስቲክ እግርዎ ላይ አስምሯል፤ አይደል?»

ልኬ ሳታስበው እግሯን ሰበሰበች። «አስምሯል።»

«በካልሲ ምክንያት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ካንሰር የወጣበት ሰው ሰምተው ያውቃሉ?»

ልኬ እንዲህ ያለ ሰው ሰምታ አታውቅም። የካልሲዋን ላስቲክ ወደ ታች ጠቀለለችው።

«እኔ ጡት መያዣ ሁሉ ጥሩ ነው አልልዎትም» ቀጠለች ነርሷ። «ልኩን ያልጠበቀ ሲሆን ትከሻ ይበላል፣ አንገትና ጀርባ ያሳምማል፣ ቆዳ ይልጣል፣ ከሥሩ ላብ አጠራቅሞ ሽፍታ ያወጣል። ብዙ ሴት ደግሞ ሳትለካ፣ ዓይኗ ያየውን ገዝታ ነው የምትለብሰው። ይህ የእርስዎ ሙያ ነው፤ ጥፋቱ የልብሱ ሳይሆን የልኩ ነው። ካልፈለገች ባትለብስም ምንም አይደለም፤ ምቾቷን የምታውቀው እሷ ናት። ልጅዎ ግን ይኸው መሮጥ አቃታት፣ አፈረች፣ ጎበጠች። ከማይመጣ በሽታ አድናታለሁ ብለው የመጣ ሕመም ሰጧት።»

ልኬ ይህን ስትሰማ ከውስጥ አመማት፤ እናት ናትና። ለመመለስ አፏን ስትከፍት ፀጉር ሠሪዋ ሚዶዋን ጆሮዋ ሥር እንደሰካች ከተፍ አለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ወሬ ሁለት ጊዜ መነገር አያስፈልገውም።

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ!» አለች። «እህቴ፣ ዶክተር ነው እኮ የተናገረው! በዚህ ዓይኔ፣ ስልኬ ላይ። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ!»

«ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ከሆነማ እትዬ ሐኪም ፈጣሪ ናቸው» አለች ነርሷ ልኬ የምትሰፋውን የራሷን ጋዋን እየጠቆመች።

ፀጉር ሠሪዋ ከት ብላ ሳቀች። «እሱስ እውነትሽን ነው! አምና ለዚያ ለቅባት ሻጩ ጋዋን ሰፍታለት የለ! ነጭ ከለበስኩ ገበያዬ ይደራል ብሎ። ኪሱ ላይ ስሙን በሰማያዊ ክር እንድትጠልፍለት ሁሉ አስቸግሯት…»

«አንቺ! ደንበኛሽን ግማሽ ራሷን ፈትተሽ ትተሻት አይደል የመጣሽው?» አለቻት ልኬ።

«ውይ በሞትኩት!» ብላ ፀጉር ሠሪዋ እንደመጣች ተመለሰች። ልኬን ልትደግፍ መጥታ ምሰሶዋን ነቅላባት ሄደች።

ልኬ ፔዳሉን ረግጣ ስፌት ጀመረች፤ የመኪናው ጩኸት ከመናገር የሚያድናት መስሏት ነበር። መስመሩ ግን ተጣመመ። ሠላሳ ዓመት ተጣሞባት የማያውቅ መስመር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጡት መያዣ ለብሰው የማያውቁ ሴቶችም ይህ በሽታ ይይዛቸዋል። በጣም ጥቂት ይሁኑ እንጂ ወንዶችም አሉ። እርስዎ የሚያውቁት ሰው አልነበረም?»

መኪናው ቆመ።

አለ እንጂ። ልኬ አራት ወር ሙሉ ያን ሰው ከሐሳቧ በር ላይ ስትመልስ ነበር የከረመችው። አሁን ገባ።

«አክስቴ» አለች በመጨረሻ። «ያሳደገችኝ። መርፌ መያዝ ያስተማረችኝም እሷ ናት።» ተጣሞ የተሰፋውን መስመር በጥፍሯ ዳሰሰችው። «ጡት መያዣ የሚባል ነገር በዓይኗም አላየች። ሰፊ ቀሚስ ነበር የምትለብሰው። ሁለት ዓመት በሻሽ እየጠቀለለች ደበቀችው። እኔ ሻሹን ስታጥብ አያታለሁ፤ ለምን ይህን ያህል ሻሽ ታጥባለሽ ስላት፣ ዝም በይ ትለኝ ነበር። ሽታው ነው ያጋለጣት። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ሐኪሙ ገልጦ አየና… ምንም አላለም። ሸፈናት። ቀስ ብሎ ነው የሸፈናት። ያ አሸፋፈኑ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።»

ነርሷ በርጩማዋን ወደ እሷ አስጠጋች። «በእናትዎ በኩል ናቸው ወይስ በአባትዎ?»

«የእናቴ እህት።»

«እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?»

ልኬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሰው ስለ ራሱ መናገር ሲፈራ የሚያደርገውን አደረገች፤ ነገሩን ለሌላ ሰው ሰጠችው።

«አንዲት ደንበኛ አለችኝ» አለች። «ድሃ አደግ ናት፣ ሐኪም ቤት ትፈራለች። እዚህ፣ የሽቦው ጫፍ የሚያርፍበት ላይ፣ አንዲት ነገር ወጣባት። ልብ በይ፣ ልክ ሽቦው ላይ! ስለዚህ ሽቦው ነው ብላ ጡት መያዣውን ጣለችው። ይሄ እንግዲህ ይጠፋል አይደል? የተጨማደደ ጨርቅ ስፌቱ ሲፈታለት እንደሚተኛ?»

ነገሩ ለነርሷ ገባት። የገባት ከዓይኗ ቢታወቅም ጨዋ ልጅ ነበረችና «ደንበኛዋን» አልነካካቻትም።

«እትዬ፣ ጨርቅ ላይ ሁለት ዓይነት እብጠት አለ፤ እርስዎ ያውቁታል» አለች። «አንዱ በስፌት የመጣ ሽብሽብ ነው። እሱ ሲፈታ ይተኛል። ሌላውስ? ክሩ ውስጥ ያለ ቋጠሮስ?»

«ቋጠሮማ ከሽመናው ነው የሚመጣው» አለች ልኬ። ሙያዋን ስትጠየቅ መዋሸት አትችልም። «ስፌት ፈታሽው፣ አጠብሽው፣ በካውያ ተኮስሽው፣ የትም አይሄድ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። 

«ሽቦው አሳያት እንጂ አልፈጠረባትም» አለች ነርሷ በለሆሳስ። «እንዲያውም ሽቦውን ማመስገን ነበረባት፤ ጠቁሟት ነበር። እና… ጠፋላት?»

«አልጠፋም።»

«ቀነሰ?»

ልኬ የሜትሯን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ለክታዋለች?»

ሠላሳ ዓመት «ልክ አይዋሽም» ስትል የኖረች ሴት ለዚህ ጥያቄ ጀርባዋን መስጠት አልቻለችም። ተነሳች። መሳቢያውን ከፈተችና የክብሪት ቀፎውን አወጣች። በሌላ እጇ የቁልፍ ቆርቆሮውን ይዛ፣ ደንበኛ ልብስ ከሚሞክርበት መጋረጃ ጀርባ ገባች። ነርሷ ቁልፎች ሲንኳኩ ትሰማለች፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ቁልፍ መሬት ወድቆ ሲንከባለል።

ልኬ መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ አንዷ የሸሚዝ፣ አንዷ የካፖርት።

«ይቺ የዛሬ አራት ወር ናት» አለች። «ይቺ የዛሬ። ልክ አይዋሽም ልጄ። ደንበኛዋ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ማልቀስ አማራት፤ ግን ፍርሃቱ እንባዋን እንኳ አድርቆት ነበር። ነርሷ ተነስታ ሁለት እጆቿን ያዘቻት።

«ካንሰር ነው አልልዎትም፤ አይደለም ብዬም አላታልልዎትም። ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ግን እኔም እርስዎም፣ ስልክ ላይ ያለውም ሰውዬ፣ በመዳሰስ ብቻ መለየት አንችልም። ይታያል፣ በመሣሪያ ፎቶ ይነሳል፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። መርፌ ደግሞ እርስዎን አያስፈራም።»

«ቢሆንስ?»

«ከሆነ ዛሬ ከነገ ይሻላል።»

«ቢቆርጡኝስ? ልጄ አባት የላት፤ እኔ ወድቄ ማን ሊያነሳት ነው? ካላወቅኩት እኮ… ካላወቅኩት ቢያንስ ሥራዬን እሠራለሁ።»

ነርሷ ይህን ስትሰማ መቆጣት አማራት፣ ግን አልተቆጣችም። «አክስትዎ የሞቱት ተቆርጠው ነው ወይስ ደብቀው?» አለች ብቻ።

ልኬ እጇን አስለቅቃ ሁለቱን ቁልፎች ክብሪት ቀፎው ውስጥ ከተተች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለአክስቴ የተነገረ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለካ እኔም ሻሽ እያጠብኩ ነው የከረምኩት።»

ልኬ የተጣመመውን መስመር አቃንታ ጋዋኑን ጨረሰች። ነርሷ ለበሰችውና፣ «እኔ ሥራ እየገባሁ ነው፤ አብረን እንሂድ» አለች። ልኬ «ይህን ሱሪ ልጨርስ» አለች። «ሱሪውን ሲመለሱ» አለች ነርሷ። «ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ» አለች። «እስከዚያ እንመለሳለን» አለች ነርሷ። «ካውያውን ላጥፋ» አለች፤ ካውያው አልተለኮሰም ነበር። ፍርሃት ሰበብ አያጣም።

መንገዱን በእግራቸው ሄዱት። ልኬ ያን መንገድ ሺህ ጊዜ ሄዳበታለች፤ ያን ቀን ግን አላለቀም። የሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያስቀምጧት፣ ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀሚስ እጅጌው የተዛነፈ መሆኑን አየች። ሌላ ቀን ቢሆን «ማን ነው የሰፋልሽ?» ትል ነበር። ስሟ ሲጠራ አልሰማችም፤ ሁለቴ ጠሯት። ሐኪሟ ስትዳስሳት ልኬ የሐኪሟን ፊት አፍጥጣ ታያለች፤ የዚያን የአክስቷን ሐኪም ዝምታ ነበር ፊቷ ላይ የምትፈልገው። ሐኪሟ ግን ተናገረች። «ደግ አደረጉ መምጣትዎ» አለች። ናሙና ወሰደችና ውጤቱ በዘጠኝ ቀን ይደርሳል ብላ ሸኘቻት።

ዘጠኝ ቀን! ልኬ በነዚያ ቀናት የሁለት ሱሪ እግሮችን አንድ ላይ ገጥማ ሰፋች። ፀጉር ሠሪዋ ስትመጣ የተኛች ትመስላለች፣ ልጇ ስትጠራት ትደነግጣለች። በአምስተኛው ቀን ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ሄዳ የስፌት መኪናው ሥር የወደቁትን ስፒሎች አንድ በአንድ ለቀመችና፣ «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ካንሰር ነበር። ግን ሐኪሟ ከዚያ ቃል በኋላ ዝም አላለችም፤ ገና ትንሽ መሆኑን፣ በታየው ሁሉ ከጡቱ አለመውጣቱን፣ ሊታከም እንደሚችል ነገረቻት። «ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ደግሞ ሕክምናው ይቀልልዎት ነበር» አለቻት። ልኬ ይህን ሁለተኛውን እንደ ፍርድ ተቀበለችው። ግራ ጡቷ ተወሰደ። መድኃኒቱ ተከተለ፤ ፀጉሯ ሲረግፍ ፀጉር ሠሪዋ መጥታ በእጇ ላጨቻት፤ ያን ቀን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታወራው ጠፋት። ስልኳ ላይ የነበረውንም ቪዲዮ ልኬ እያየች አጠፋችው።

ልኬ ከሕክምናው አገግማ መኪናዋ ፊት የተቀመጠች ቀን፣ መጀመሪያ የሰፋችው የልጇን ነው። ሜትሯን በደረቷ ዙሪያ አዞረች፣ ሳታጠብቅ ሳታላላ ለካች፣ ከለስላሳ ጥጥ፣ ማንገቻው ሰፋ ያለ ጡት መያዣ ሰፋችላት። ልጅቷ ለብሳ ጓዳ ውስጥ ሁለቴ ዘለለችና እናቷን አይታ ሳቀች። «ከእንግዲህ ደብዳቤ አትጽፊልኝም» አለቻት።

ሁለተኛውን የሰፋችው ለራሷ ነው። ሕክምና ላይ ሳለች ያልጠበቀችውን ነገር ተምራ ነበር፤ አንድ ጡት የቀራት ሴት አንድ ወገኗ ይቀልና ወደ ሌላው ታዘነብላለች። ስለዚህ በግራው በኩል ከውስጥ ኪስ አበጀችለት፤ ኪሱ ውስጥ የምታገባውን ትንሽ ትራስ በጥጥና በጥቂት ማሽላ ሞላች፣ ቀኙን እስኪመዝን ድረስ እየጨመረች እየቀነሰች። መንጠቆ ስታስፈልጋት ቆርቆሮዋን ከፈተች። በመቀስ ከታትፋ የጣለቻቸው ጡት መያዣዎች መንጠቆዎች እዚያ ነበሩ። አንዱን አንስታ አየችው። ይህን ነገር ነበር እንደ እባብ የፈራችው፤ አሁን ቀጥ ብላ እንድትቆም የያዛት እሱ ነው። አጥብቃ ሰፋችው።

ነርሷ ያን አየችና ከሆስፒታሉ ሌሎች ሴቶችን ትልክላት ጀመር። ጤነኞቹም ለመለካት ይመጣሉ። ልኬ ሜትሯን እያዞረች ለሁሉም የምትናገረው አላት። «ጡት መያዣ መልበስ አለመልበስ የራስሽ ፈንታ ነው፤ ከለበስሽ ግን በልክሽ፣ ንጹሕ ይሁን፣ አይሸርክትሽ። በሽታው ከእሱ አይመጣም፣ እሱን በመጣልም አይሄድም። ይልቅ ጡትሽን እወቂው። እብጠት ካገኘሽ፣ ቆዳው ከሰረጎደ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ያልነበረ ፈሳሽ ካወጣ፣ ብብትሽ ውስጥ ነገር ከዳሰስሽ፣ ለጎረቤት አትንገሪ፤ ለሐኪም ንገሪ።» ፀጉር ሠሪዋ ከግድግዳው ማዶ «ለጎረቤትም ይነገራል፣ ይዛሽ እንድትሄድ!» ብላ ትጮኻለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የማታውቃት ሴት ገባች። የሚሰፋ ልብስ አልያዘችም። ቆማ ቁልፎቹን ታያለች፣ ክሩን ታያለች፣ በሩን ታያለች። በመጨረሻ፣ «አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አለች በሹክሹክታ። «እዚህ አካባቢ አንድ ነገር ወጥቶባት…»

ልኬ ያን ፍርሃት አወቀችው። መሳቢያውን ከፍታ የክብሪት ቀፎውን አወጣችና ሁለቱን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ይቺ እብጠቱን ያገኘሁባት ቀን ናት» አለች። «ይቺ ሐኪም ቤት የሄድኩባት ቀን። በመሃላቸው ያለው የእኔ ፍርሃት ነው፤ ምን እንዳስከፈለኝ ታያለሽ።» ግራ ደረቷን መታ መታ አደረገችው። «የጓደኛሽ የቷን ታክላለች?»

ሴትዮዋ ጣቷን ዘረጋችና የሸሚዙን ቁልፍ ነካች።

ልኬ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለች፣ መኪናው ላይ የተጀመረውን ቀሚስ እንዳለ ተወችው፣ ሹራቧን ደረበች።

«ተነሺ» አለቻት። «እኔ ይዤሽ እሄዳለሁ።»